የጊታር አክሽን ምንድን ነው? የመጀመሪያ ጊታር ስትገዙ ከሁሉ በፊት የሚታየው ነገር

«ጊታር ልጀምር ነው፤ ምን ልግዛ?» ብለው የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። እዚሁ ጎንደር ከማራኪም ከአዘዞም ይደውላሉ። ኪሳቸው ይታወቃል፤ ቤተሰብ ካዋጣው ላይ ራሳቸው ያጠራቀሙትን ጨምረው ነው የሚገዙት። ጥያቄያቸውም ይመሳሰላል። የትኛው ብራንድ ይሻላል? እንጨቱ ምን ይሁን? ድምፁስ? እኔ ግን ሁሌም የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ አክሽኑን እዩ።

አክሽን ማለት ክሩ ከፍሬቱ በላይ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተወጠረ ነው። ፍሬት የምንላቸው በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች ነው። ክሩን በጣታችን ስንጫነው ወርዶ ፍሬቱ ላይ ያርፋል፤ ኖታው የሚወጣውም ያኔ ነው። ክሩ ከፍሬቱ በራቀ ቁጥር ጣት የበለጠ መግፋት አለበት። አክሽኑ ከፍ ያለ ጊታር ጣት ይልጣል። ልከኛ የሆነው በትንሽ ግፊት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከልክ በላይ ዝቅ ካለ ደግሞ ክሩ ሲርገበገብ ፍሬቶቹን እየነካ ዝዝ ይላል።

የሚለካው 12ኛው ፍሬት ላይ ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው። በተለመደው ጊታር ከነቱ እስከ ሳድሉ ያለው የክር ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ እኩሌታው 32 ተኩል አካባቢ ይውላል። ነት የሚባለው በአንገቱ ጫፍ፣ ክሮቹ ወደ መቃኛዎቹ ከማለፋቸው በፊት የሚያርፉበት የተሰነጠቀ ቁራጭ ነው። ሳድል በሌላው ጫፍ፣ ብሪጁ ላይ (ክሮቹ ሣጥኑ ላይ የሚያዙበት እንጨት) የተሰካው ነጭ ቁራጭ ነው። የብረት ክር ባለው አኮስቲክ ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ አናት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቀጭኑ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢርቅ ለጀማሪ ይመቻል። በናይለን ክር ክላሲካል ላይ 4 እና 3 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ናይለን ሲመታ ሰፋ አድርጎ ስለሚርገበገብ ቦታ ይፈልጋል፤ ውጥረቱ ለስላሳ ስለሆነ ግን ከፍ ማለቱ ጣትን ያን ያህል አይጎዳም።

ይህን ነገር ሰው ሳይጠይቅ የሚገዛው የለመድናቸው መሣሪያዎች ስለማይጠይቁት ይመስለኛል። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት፤ ማሲንቆ እየሰማን ነው ያደግነው። የማሲንቆ ጭራ ግን አንገቱ ላይ አይለጠፍም። የአዝማሪው ጣት ጭራውን ባለበት ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ክራርም ፍሬት የለውም፤ እያንዳንዱ ክር የተቃኘበትን ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ጊታር ላይ ግን አብዛኛው ኖታ በጣት ግፊት ነው የሚወጣው። ሙሉ ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) ሲያዝ ሦስት አራት ጣት አንድ ላይ ይጫናል። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እዚያ ላይ ትልቅ ነገር ነው።

ሕመሙ አንዱ ጉዳት ነው። ሁለተኛውን ብዙ ጀማሪ አያውቀውም፤ ለእኔ ግን የባሰው እሱ ነው። ከፍ ያለ ክር ወደ ታች ሲገፋ ይለጠጣል። የተለጠጠ ክር ድምፁ ከተቃኘበት በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ክሮቹን በስልክ ቱነር (የመቃኛ መተግበሪያ) አሳምራችሁ ቃኝታችሁ ኮርድ ስትይዙ ቅኝቱ የተበላሸ ይመስላል። ወደ አንገቱ ላይኛ ኖታዎች በሄዳችሁ ቁጥር ይብሳል። ትዝታ አምስት ኖታ ብቻ ነው ያለው፤ አንዷ ትንሽ ከወጣች ጆሮ ወዲያው ይይዛታል። ጀማሪው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። «ጆሮ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጆሮ ያለው ልጅ ነው ስሕተቱን የሚሰማው።

በቅርቡ የእህቴን ልጅ ይዤ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ሱቅ ሄድን። ጊታሮቹ ከስፒከርና ከኪቦርድ ጋር ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። «ጋሼ፣ ያንን ጥቁሩን ያውርዱልኝ» አለች። ያማረ ጊታር ነበር፤ የሚያብረቀርቅ። ጂ ኮርድ ያዘች፣ ፊቷ ተኮማተረ። ባለሱቁ ደግ ሰው ናቸው፤ «አይዞሽ ልጄ፣ ጣትሽ ሲለምድ ይለቅሻል» አሏት። ያሉት ግማሹ እውነት ነው። የጣት ጫፍ ቆዳ በጥቂት ሳምንት ልምምድ ይጠነክራል። የክሩ ከፍታ ግን ጣት ስለለመደ አይወርድም።

ያኔ የኤቲኤም ካርዶች አወጣን። የባንክ ካርድ ውፍረት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ነው፤ 0.76 ሚሊ ሜትር። ሦስት ካርድ ሲደራረብ 2.3 ገደማ ይሆናል፣ አራት ሲሆን 3። ጊታሩን በትክክል ቃኙት። ካርዶቹን ደርባችሁ ጠርዛቸውን 12ኛው ፍሬት ላይ አሳርፉና በወፍራሙ ክር ሥር አስገቡ። ቁጥሩ ጎልቶ የታተመበት ካርድ ከሆነ ለስላሳውን ጠርዝ ተጠቀሙ። ሦስቱ ገብተው ክሩን ለጥቂት ነካ ካደረጉት ወይም ሊነኩት ከተቃረቡ ደህና ነው። አራት ካርድ ያለ ችግር የሚያልፍበት የብረት ክር ጊታር ለጀማሪ ይከብዳል። ለናይለን መለኪያው አምስት ካርድ ነው። ጥቁሩ ጊታር ላይ አምስት ካርድ ገብቶ ቦታ ተረፈ፤ እሱ ደግሞ የብረት ክር ነው። እዚያው ሱቅ የነበረው፣ መልኩ ደብዘዝ ያለው ሌላ ጊታር ላይ ሦስት ካርድ ልክ ሆነ። የገዛችው እሱን ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር።

አክሽን ከፍ ብሎ ሲገኝ ምክንያቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ነቱ ነው። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ክፍተቱ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ከበለጠ የነቱ ስንጥቆች በደንብ አልተቆፈሩም ማለት ነው። ርካሽ ጊታሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። 1ኛው ፍሬት ላይ የሚያዘው ኤፍ ኮርድ ላይ ደርሰው ተስፋ የሚቆርጡ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚታገሉት ከነቱ ጋር ነው። ነት መሞረድ ስስ ሥራ ስለሆነ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ አንዴ ከጠለቀ አይመለስም።

ሁለተኛው የአንገቱ ጎባጣነት ነው። አንገቱ ጥቂት ወደ ፊት መጎበጥ አለበት፤ ፍጹም ቀጥ ካለ ክሩ ይነካካል። ጣውላ እንደሚመርጥ አናጢ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከጊታሩ ራስ በኩል በአንገቱ ጠርዝ ላይ ተመልከቱ። መጣመም ካያችሁ ተዉት። መጎበጡን ለመለካት ደግሞ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው አንገቱ ከሣጥኑ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑት። መሐል ላይ፣ 7ኛው ፍሬት አካባቢ፣ ሁለት ሦስት የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይበቃል። አብዛኞቹ የብረት ክር ጊታሮች አንገታቸው ውስጥ ትራስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ አላቸው፤ በኤል ቅርጽ ቁልፍ ይጠብቃል፣ ይላላል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩት። አክሽን ለማውረድ ብለው ትራስ ሮድ የሚያጠብቁ አሉ፤ ሥራው ግን እሱ አይደለም፤ መጎበጡን ማስተካከል ነው። ክላሲካል ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዘንግ የለውም።

ሦስተኛው ሳድሉ ነው፤ የምሥራች ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሳድል በቀላሉ ይነቀላል፤ ከሥሩ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 12ኛው ፍሬት የክሩ መሐል ስለሆነ፣ እዚያ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊ ሜትር መቀነስ አለበት። የሚቀነሰውን በእርሳስ አስምራችሁ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ፣ ሳድሉን ቀጥ አድርጋችሁ ፈግፍጉ። ትንሽ ፈግፍጎ መልሶ ሰክቶ ማየት ይሻላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳድሉ ከብሪጁ በላይ ምን ያህል እንደቀረው እዩ። አክሽኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳድሉም ከፍ ያለ ከሆነ ይስተካከላል። ሳድሉ ወደ ብሪጁ ወርዶ አልቆ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ ግን አንገቱ ከሣጥኑ ጋር የተያያዘበት አቅጣጫ ተበላሽቷል። እሱን ማስተካከል ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ አትውሰዱት።

አሮጌ ጊታር ከሰው ላይ ስትገዙ ብሪጁን በደንብ እዩ። ከኋላው በኩል ወረቀት ሥሩ የሚገባ ከሆነ መነቀል ጀምሯል። ከብሪጁ ጀርባ ሣጥኑ በጣም አብጦ ከሆነም ያው ነው። የዚህ አንዱ ምክንያት ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር መወጠር ነው። ከ12 የሚጀምር (ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሚወፍር) የብረት ክር ስድስቱ አንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። የናይለኖቹ 40 ኪሎ አካባቢ ነው። ለ40 የተሠራ እንጨት 70ውን አይችልም፤ ብሪጁ ይነሳል፣ አንገቱ ይጎብጣል፣ አክሽኑ ይሰቀላል። መለየቱ አይከብድም። ክላሲካል ላይ ክሩ ብሪጁ ላይ ይታሰራል፤ አንገቱም ነቱ ጋ 52 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። የብረት ክሩ ጊታር ላይ ክሩ አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ችንካሮች ተይዞ ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ስፋቱም 43 አካባቢ ነው።

«ናይለን ወይስ ብረት?» ለሚል ሰው፣ መጫወት የሚፈልገው ዘፈን ይወስን እላለሁ። ብረቱን ከመረጠ ግን መጀመሪያ ከ10 የሚጀምረውን ቀጭን ክር ይወጥር። ከ12ቱ ይልቅ ጣት ላይ ይቀላል፤ ክር መቀየር ደግሞ አዲስ ጊታር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

እንጨቱስ? በትንሽ ብር የሚገኝ ጊታር ፊቱ ብዙ ጊዜ ኮምፖርሳቶ ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ሊላቸው አይገባም። ያማሃ ኤፍ 310 እና ናይለኑ ሲ 40 ኮምፖርሳቶ ፊት ያላቸው የተማሪ ጊታሮች ናቸው፤ ስንቱ ጊታሪስት በእነሱ ጀምሯል። አንድ ወጥ እንጨት ድምፁ የበለጠ ያድጋል፣ እውነት ነው። አክሽኑ የተሰቀለ ወጥ እንጨት ግን ጥግ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ካላችሁ ብር ሁሉንም ጊታሩ ላይ አታፍስሱ። ለአንድ ተጨማሪ ክርና ለማስተካከያ የሚሆን አስቀሩ።

ለጎንደር ኮምፖርሳቶ ሌላም ጥቅም አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ይደርቃል፤ ጥርና የካቲት ላይ ከንፈር የሚሰነጥቀው አየር እንጨትንም ይሰነጥቃል። ወጥ እንጨት እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል፤ ፊቱ ይሰምጣል፣ ክሩ አብሮ ይወርዳል፣ ዝዝታ ይጀምራል። ክረምት ሲገባ ተቃራኒው ይሆናል፦ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ብሪጁን ወደ ላይ ይገፋል፣ አክሽኑ ይነሳል። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ኮምፖርሳቶ ይህን መለዋወጥ ይቋቋማል፤ አንገቱ ግን ያው እንጨት ስለሆነ እሱም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ በካርድ የለካችሁትን የካቲት ላይ እንደገና ለኩት። ወቅቱ ሲለወጥ ክሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ሳድሉን ለመፈግፈግ አትቸኩሉ፤ ሐምሌ ላይ የፈገፈጋችሁት በበጋ ያንጫጫል።

በበጋ ጊታሩን ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብም አታቁሙት። ቦርሳው ውስጥ ይደር። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ብስታችሁ፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ፣ ከጊታሩ ራስ አጠገብ አኑሩት። ሲደርቅ መልሳችሁ አርጥቡት፤ ውኃ ግን እንዳይንጠባጠብ።