ቲፒኤም ምንድን ነው? አሮጌ ላፕቶፕን ወደ ዊንዶውስ 11 ስናሳድግ የሚጠየቀው ቺፕ

ዊንዶውስ 10ን ወደ 11 ለማሳደግ ሲሞከር ብዙ ላፕቶፕ የሚቆመው አንድ መልእክት ላይ ነው፦ ቲፒኤም 2.0 መኖርም መብራትም አለበት ይላል። ለዊንዶውስ 10 በመደበኛነት ይሰጥ የነበረው የደህንነት አፕዴት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ይህ መልእክት የመጣበት ሰው ላፕቶፑ አከተመለት ብሎ በርካሽ ለመሸጥ ይቸኩላል። አይቸኩሉ። መልእክቱን ደግመው ያንብቡት፤ «መኖር» እና «መብራት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማይክሮሶፍት ከጁላይ 2016 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው የሚወጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ቲፒኤም 2.0 እንዲኖራቸው ስለጠየቀ፣ ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ አለ። ያልበራ ብቻ ነው።

ቲፒኤም ትረስትድ ፕላትፎርም ሞጁል የሚለው ስም ምህጻር ነው። ምስጢራዊ ቁልፎችን ከሃርድ ዲስኩም ከራሙም ለይቶ የሚይዝ ትንሽ ካዝና ነው ማለት ይቻላል። ቁልፉ እዚያው ውስጥ ይፈጠራል፣ ሥራውንም እዚያው ውስጥ ይሠራል፤ ተገልብጦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አይሄድም። በአንዳንድ ላፕቶፖች ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ራሱን የቻለ ቺፕ ነው። በሌሎቹ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ቺፕ የለም፤ ሥራውን ፕሮሰሰሩ ራሱ በፈርምዌር፣ ማለትም ሃርድዌሩ ውስጥ በተጻፈ ፕሮግራም፣ ይሠራዋል። ኢንቴል ይህን ፒቲቲ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም ይለዋል። ለዊንዶውስ 11 ሁለቱም እኩል ናቸው። ስለዚህ ላፕቶፑን ፈትቶ ቺፑን በዓይን መፈለግ ምንም አይጠቅምም።

ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው በፒን ነው። ዊንዶውስ ሲከፈት የሚጠይቀን ባለ አራት አኃዝ ፒን 10,000 አማራጭ ብቻ ስላለው በፕሮግራም ቢሞከር በሰከንዶች የሚያልቅ ይመስላል። ነገር ግን ዊንዶውስ ያዘጋጀው ቲፒኤም 2.0 ከ32 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ በየ10 ደቂቃው አንድ ሙከራ ብቻ ይፈቅዳል። በዚህ ፍጥነት 10,000ውን አማራጭ ለመጨረስ 69 ቀን ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛው ሥራው መመስከር ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) እና ዊንዶውስን የሚያስነሳው ፕሮግራም እየተለኩ ይመዘገባሉ፤ ልኩ ከትናንቱ ጋር ከተመሳሰለ ብቻ ቲፒኤሙ የዲስኩን ቁልፍ ይለቃል። ሌባ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ቢሰካው ቁልፉ እዚያ የለም። ዲስኩን የሚቆልፈው ይህ አሠራር ቢትሎከር ይባላል፤ በሆም እትም ላይ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን በሚል ስም ይገኛል።

ላፕቶፕዎ ቲፒኤም እንዳለው ለማየት የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ይጫኑ፤ በሚከፈተው ሳጥን «ቲፒኤም.ኤምኤስሲ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ መካከሉ ላይ ነጥብ አድርገው ይጻፉ። ከሚከፈተው መስኮት ግርጌ «ስፔሲፊኬሽን ቨርዥን» የሚለውን ይፈልጉ። 2.0 ካለ ችግርዎ ሌላ ቦታ ነው። 1.2 ካለ ቺፑ የቀድሞው ትውልድ ነው፤ ኤችፒና ዴል እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 አካባቢ ለወጡ አንዳንድ የቢሮ ሞዴሎቻቸው ከ1.2 ወደ 2.0 የሚያሳድግ ፕሮግራም አውጥተዋል፤ ለሞዴልዎ መኖሩን ከድረ ገጻቸው ያረጋግጡ። ቲፒኤም አልተገኘም ካለ ወደ ባዮስ መግባት ነው።

ወደ ባዮስ የሚያስገባው ቁልፍ በኤችፒ ኤፍ10፣ በዴል ኤፍ2፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ1 ነው፤ ላፕቶፑ እንደተነሳ ደጋግመው ይጫኑት። ሴኩሪቲ በሚለው ክፍል፣ በኤችፒ «ቲፒኤም ዲቫይስ» ከ«ሂድን» ወደ «አቬይለብል» ይቀየራል፤ በዴል «ቲፒኤም ኦን» የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በቲንክፓድ «ሴኩሪቲ ቺፕ» የሚለው ይከፈታል። ሴቭ አድርገው ሲወጡ ላፕቶፑ ሊነሳ ሲል ለውጡን መቀበልዎን የሚጠይቅ ጥቁር ስክሪን ሊያመጣ ይችላል። ሰው ደንግጦ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ያኔ ለውጡ አይጸናም። ተቀበል የሚለውን፣ ስክሪኑ ራሱ የሚነግርዎትን ቁልፍ ይጫኑ።

እዚያው አጠገብ «ክሊር» የሚል አማራጭ አለ። እሱን አይንኩት። ክሊር ማለት በካዝናው ውስጥ ያሉትን ቁልፎች ማጥፋት ነው። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነ፣ በማግስቱ ላፕቶፑ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሎቹን የሚመልስ ቴክኒሻን የለም። «አልቆለፍኩትም» ማለት ብቻውን አያስተማምንም፤ በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ላፕቶፕ ዲስኩን ሳይጠይቅ ሊቆልፍ ይችላል። ባዮስ ከመነካቱ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብተው መቆለፉን ይዩ፤ ከተቆለፈ ቁጥሩን ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ላይ አውጥተው ወረቀት ላይ ይጻፉት፣ ቢትሎከሩንም ለጊዜው «ሰስፔንድ» ያድርጉት።

ቲፒኤም በርቶም አሁንም ብቁ አይደለም የሚል ከሆነ ቀጥሎ የሚመረመረው ዊንዶውሱ የተጫነበት መንገድ ነው። ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን አነሳስና ያልታመነ ፕሮግራም ላፕቶፑን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ይፈልጋል፤ ብዙ ያገለገለ ላፕቶፕ ግን በአሮጌው፣ ሌጋሲ በሚባለው መንገድ ተጭኖበት ይሸጣል። «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ባዮስ ሞድ» የሚለውን ይዩ። ሌጋሲ ካለ፣ ባዮስ ገብተው ዝም ብለው ወደ ዩኢኤፍአይ አይቀይሩት፤ ላፕቶፑ የሚነሳበት ዲስክ አጣሁ ይላል። (ቀይረው ከሆነ አይደንግጡ፤ ወደ ሌጋሲ ሲመልሱት ይነሳል።) መጀመሪያ ዲስኩ ኤምቢአር ከሚባለው አሮጌ የአከፋፈል ሥርዓት ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ መለወጥ አለበት። ለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ የራሱ መሣሪያ አለ፤ ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም። ፋይልዎን በሌላ ዲስክ ካስቀመጡ በኋላ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው፣ አሁንም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እንዲህ ይጻፉ፦

ኤምቢአር2ጂፒቲ /ቫሊዴት /አላውፉልኦኤስ

ይህ ዲስኩን ይመረምራል እንጂ ምንም አይቀይርም። ካለፈ በ«ቫሊዴት» ቦታ «ኮንቨርት» ብለው ይድገሙት። ከዚያ በኋላ ብቻ ባዮስ ገብተው ወደ ዩኢኤፍአይ ይቀይሩ፣ ሴኪዩር ቡትንም ያብሩ።

ምርመራው የሚወድቅበት የተለመደ ምክንያት እኛ ዘንድ በብዛት የሚታይ ነው፦ የዲስኩ አከፋፈል። ላፕቶፕ ሲጫን ሲ፣ ዲ እና ኢ ተብሎ መከፈሉ ልማድ ሆኗል። ዊንዶውስ ለራሱ ከሚይዘው ትንሽ ክፍል ጋር አራት ይሆናሉ፤ መሣሪያው ደግሞ የሚቀበለው ቢበዛ ሦስት ዋና ፓርቲሽን ብቻ ነው። መፍትሔው ኢ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ፣ መገልበጡን ከፍቶ አረጋግጦ፣ ኢን ማጥፋትና ምርመራውን መድገም ነው።

በመካከሉ ባዮስ አፕዴት ማድረግ ካስፈለገ የመብራትን ነገር ያስቡበት። ባዮስ እየተጻፈ ላፕቶፑ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል። ባትሪው ካረጀና ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ዩፒኤስ ወይም ጄኔሬተር ያለበት ቦታ ሄዶ መሥራት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚቀረው ትልቁ ግድግዳ ፕሮሰሰሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ላፕቶፕ በቲፒኤም ስም የሚወቀሰው በዚህ ምክንያት ወድቆ ነው። ከኢንቴል በይፋ የሚፈቀደው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለው ነው። ጄኔሬሽኑ ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ይነበባል፦ አይ5-7300ዩ ሰባተኛ ነው፣ አይ5-8350ዩ ስምንተኛ፣ አይ5-10210ዩ አሥረኛ። በላፕቶፑ ሞዴል ስም ግን አይተማመኑ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 «ስምንተኛ ነው» ተብሎ ይሸጣል፤ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ይዞ የወጣም አለ። በኤኤምዲ በኩል የላፕቶፕ ራይዘን 5 2500ዩ ከዝርዝሩ ውጭ ነው፣ ከዚያው የ2000 ተከታታይ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የተፈቀዱ ቢኖሩም።

ስለዚህ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው፣ ወይም ከውጭ ለዘመድ የሚልክ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ያንብብ፣ ቀጥሎ ባዮስ ይግባ። ባዮሱ ፓስወርድ ከጠየቀ ወይም ቲፒኤሙ ደብዝዞ አልነካም ካለ፣ ላፕቶፑ ከድርጅት የወጣና ያልተፈታ ሊሆን ይችላል። በቲንክፓድ ላይ ይህ ፓስወርድ ባትሪ ነቅሎ በመመለስ አይጠፋም። ሻጩ እዚያው ይፍታው።

ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ያላቸውስ? ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ሲዘጋጅ የቲፒኤም ጥያቄውን የሚያነሳ አማራጭ አለ፤ ዊንዶውስ 11ም ይጫናል፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ካለው ደህና ይሠራል። (ይፋዊው ዝቅተኛ ራም 4 ጊጋባይት ነው፤ በዚያ ግን ብሮውዘር ከፍቶ መሥራት ያሰለቻል።) ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ አፕዴት ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። ወርኃዊው የደህንነት አፕዴት ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ዓመታዊው አዲስ ቨርዥን ግን በራሱ ስለማይመጣ ከ5 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ፋይል አውርዶ በእጅ መጫን ይጠይቃል። ለተማሪና ለቤት ሥራ ይሁን። የደንበኛ ሒሳብ፣ የባንክ ፓስወርድ ወይም የሕመምተኛ መረጃ ለሚያዝበት ላፕቶፕ ግን አልመክርም።

ጊዜ መግዛት የሚፈልግ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ላይ እንዳለ፣ ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት ከሚለው ክፍል ለተራዘመው የደህንነት አፕዴት መመዝገብ ይችላል፤ ለግለሰብ ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ ተብሎ የወጣ ነው። ኮር 2 ዱዎና ያን የመሰሉ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ግን በማለፊያ መንገድም አይሆንላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 24ኤች2 ከሚባለው ቨርዥን ጀምሮ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሌለ ጨርሶ አይነሳባቸውም። በእነሱ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጫናል፤ እሱ ቲፒኤም አይጠይቅም።