ኦቨርሄድ ምንድን ነው? (ግማሹ ተበላ ለምትሉ)

አቦ ሰለቸኝ። የአሜሪካ መንግስት ለኬሚካል፣ ለባዮሎጂና ለአካባቢ ኢንጂነሪንግ ምርምር የሚመድበው ብር በተነሳ ቁጥር አንዱ ብድግ ይልና "ዩኒቨርሲቲው 50 ፐርሰንት ኦቨርሄድ ይወስዳል፣ ግማሹ ተበላ" ይላል፣ ትናንት በርጫ ላይ ደግሞ የራሳችን ልጅ፣ ያውም አካውንቲንግ የተማረ፣ ይሄንኑ ሲደግም ምርቃናዬ ጠፋ። ኦቨርሄድ ማለት ለአንድ ምርምር ብቻ ተለይቶ የማይቆጠረውን የጋራ ወጪ፣ ህንጻ፣ መብራት፣ አስተዳደር ምናምን፣ ለመሸፈን የሚከፈል ነው።

50 ፐርሰንት ማለት ከጠቅላላው ላይ ግማሹ ይቆረጣል ማለት አይደለም፣ ለቀጥታ ወጪ (ለምርምሩ ለራሱ ለሚወጣው) 100 ዶላር ከተያዘ ላዩ ላይ 50 ይጨመራል ማለት ነው። ድምሩ 150፣ 50ው ሲሶ ነው። ሲሶ!

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ፈጢራ ስትበሉ ዱቄቱ፣ እንቁላሉ፣ ማሩና የሰሪዋ ደሞዝ 100 ብር ወጣባቸው እንበል። የቤቱ ኪራይ፣ ከሰሉ፣ የጀሪካን ውሃው፣ ቆሻሻ የሚወስደው ልጅ፣ ሂሳብ የሚይዘውስ? ለየትኛው ፈጢራ ስንት ከሰል እንደነደደ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል፣ ስለዚህ በአማካይ ሁሉም ላይ ይጣላል፣ ኦቨርሄድ በቃ ይሄ ነው። ባለ ፈጢራዋ ትልቅ ምድጃ ከገዛች ግን በምድጃው ዋጋ ላይ 50 ፐርሰንት አትጭንም፣ ላቦራቶሪ ውስጥም ውድ መሳሪያ ከስሌቱ ይወጣል፣ የተማሪ ትምህርት ክፍያም እንደዛው። ሳምቡሳውን ከጎረቤት ካስመጣችም፣ ማለትም ከምርምሩ ከፊሉ ለሌላ ተቋም ከተሰጠ፣ መጫን የምትችለው እስከተወሰነ መጠን ድረስ ነው (ፈጢራው እዚህ ጋ መቀደድ ጀመረ መሰለኝ)።

ደግሞ ዩኒቨርሲቲው እንደፈለገ የሚጽፈው ቁጥር አይደለም፣ ከመንግስት ጋር ተደራድሮ ነው የሚጸድቀው። "ሁሉም ለቢሮ ሰራተኛ ነው" ላልከው ወንድሜ፣ ለዩኒቨርሲቲዎች የአስተዳደሩ ድርሻ ከ1991 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ከቀጥታ ወጪው 26 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ታስሯል። የቀረው ህንጻ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ላይብረሪ ምናምን ነው። አባካኝ የለም አላልኩም፣ አለ፣ ግን እሱን በሂሳቡ አሳየኝ።

የኔ ስራ ውሃ ነው። የድሬ ከርሰ ምድር ውሃ ናይትሬት የሚባል ኬሚካል እንደሚያስቸግረው የታወቀ ነው፣ ካድሚየም በሚባለው መርዛማ ብረት በሚሰራው ዘዴ ስትለኩት ግን የሚተርፈው ፈሳሽ ራሱ መርዝ ነው፣ ሲንክ ውስጥ አይደፋም፣ ተጠራቅሞ በብር ነው የሚወገደው። ያንን ማን ይከፍላል? የላቦራቶሪው ጭስ ማውጫ ማራገቢያም ሰው ኖረ አልኖረ የቀዘቀዘውን አየር ሌት ተቀን ወደ ውጭ ይተፋል፣ በድሬ ሙቀት ኤሲ ያስገባ ሰው ይገባዋል።

በ2025 የካቲት ላይ የአሜሪካው የጤና ምርምር ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ ኦቨርሄዱን ለሁሉም 15 ፐርሰንት ላድርገው አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጮሁ፣ ፍርድ ቤትም አገደው። በ15 ነው የጮሁት። ያው ተቋም ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲፈቅድ የኖረው 8 ፐርሰንት ነው፣ እና መብራት ሲጠፋ ናሙና ያለበት ፍሪጅ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ጀነሬተር ናፍጣው ከዛች 8 ውስጥ ነው፣ አካውንቲንግ የተማረው ልጅ ግን "ግማሹ ተበላ" እያለ ነው።