ሽማግሌ ዘማች በአዲስ አበባ

ሽማግሌ ዘማች የሚባለው ዕድሜው ከገፋ በኋላ የክተት አዋጅ ሰምቶ ጠመንጃውን ከግድግዳ ያወረደ ሰው ነው። በድሮው ክተት የዕድሜ ጣሪያ የለም፤ ሐኪምም አይመረምርህም። መሣሪያና ስንቅ ካለህ አለቃህን ተከትለህ ትሄዳለህ። በመስከረም 1888 የዓድዋ ክተት ሲታወጅ ጉልበት ያለው ይዝመት፣ የሌለው በጸሎት ይርዳ ተባለ። ጉልበት አለኝ የለኝም የሚለው ግን ባለቤቱ ነው። ሽበታም ሰው ደግሞ ጉልበቴ አልቋል ብሎ በአደባባይ መናገር አይወድም።

ዋናው ዘመን 1928 ነው። መስከረም 22 ጣሊያን መረብን ተሻገረ፤ በዚያው ቀን ትልቁ ግቢ ነጋሪት ተጎሰመ። በዓድዋ ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ያን ዕለት ስድሳ ሊደፍን ነው። ጥቅምት 6 የመሀል ሰፋሪ (የማእከላዊው መንግሥት) ጦር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲያልፍ ሰልፉ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። ጋሻው፣ ጎራዴው፣ ጎፈሩ፣ ፉከራው ሁሉ የአባቶች ነው። መሪውም የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ዓድዋ የዋሉ ሰው። በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ስዊድናውያን የሚያሠለጥኗቸው ወጣቶች ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ሽንፈቱን በሽማግሌ አለቆች የሚያላክኩ አሉ። ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ዕድሜ አይጠይቅም። ራስ ሙሉጌታ ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍጉ የልጃቸውን መገደል ሰምተው ወደ ኋላ ተመለሱ ይባላል። የካቲት ሳያልቅ እሳቸውም ወደቁ።

ከሁሉ ግን ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ይበልጣሉ። አባ ነፍሶ፣ የዓድዋው መድፈኛ! በ1920 ከሹመት ተሽረው፣ ታስረው፣ በኋላም መንነው ነበር። ዓለም በቃኝ ያሉ ሰው ሀገር ስትወረር ሰባን አልፈው እንደገና ታጠቁ፤ በ1929 መጀመሪያ ሲዋጉ ሞቱ። የመጨረሻዋን ሰዓት እያንዳንዱ ተራኪ በየራሱ ያወራታል፤ እጃቸውን አለመስጠታቸው ላይ ግን ሁሉም ይስማማል። ዛሬ መሀል ከተማ «ባልቻ» ሲባል ብዙው ሰው ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው።

በ1943 ወደ ኮሪያ የሄደው የቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ የተመለመለ ነበር፤ ሽማግሌ ቦታ አልነበረውም። በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሻ አብዮት አደባባይ ተሰለፈ።

ቀሪውን ለማየት ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ መሄድ ነው። ሐውልቱ ስር አርበኞች በካኪና በሜዳልያ ይሰበሰባሉ፤ የልጅ ልጅ ወንበር ይዞ ከኋላ ይከተላል። ሲፎከር ያ ወንበር ባዶ ይቀራል። በየዓመቱ ቁጥሩ ሳስቷል። አሁን ጎፈር ካደረጉት ብዙዎቹ የአርበኛ ልጆች ናቸው፤ እነሱም አርጅተዋል።