ከየአካባቢው ወደ ግራሚ

በግራሚ ሽልማት ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ዘርፍ አለ። የአንድ አካባቢ ባህላዊ ሙዚቃ ምርጥ አልበም የሚመረጥበት ነው። አሸናፊው የሚታወቀው በቴሌቪዥን በሚተላለፈው የማታ ዝግጅት ላይ አይደለም። ቀደም ብሎ ከሰዓት በኋላ፣ ከሌሎች በርካታ ዘርፎች ጋር ተራው ደርሶ ይጠራል። የሚወዳደሩት በአሜሪካ አንድ አካባቢ ሥር የሰደዱ ሙዚቃዎች ናቸው፦ አኮርዲዮን የሚበዛባቸው የሉዊዚያና ግዛት የጭፈራ ሙዚቃዎች ዛይዲኮና ኬጁን፣ የሃዋይ ሙዚቃ፣ ከአውሮፓ ስደተኞች ጋር የመጣው የጭፈራ ሙዚቃ ፖልካ፣ የነባር ሕዝቦች ዜማና የመሳሰሉት።

እነዚህ አራቱ ድሮ የየራሳቸው ሽልማት ነበራቸው። ቀድሞ የገባው ፖልካ ነው፣ በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የመጀመሪያውን አኮርዲዮን ተጫዋቹ ፍራንኪ ያንኮቪች ወሰደ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የአንድ ሰው ሆነ። ጂሚ ስተር ዘርፉ በ2009 እስኪያበቃ ድረስ 18 ጊዜ አሸነፈ። ይሄን ውድድር ብሎ መጥራት ይከብዳል።

የነባር ሕዝቦች ሙዚቃ በ2001፣ የሃዋይ ደግሞ በ2005 ተከተሉ። የሃዋዩ ገና ከጅምሩ ቅሬታ አስነሳ። የመጀመሪያውን ሽልማት የወሰደው ዘፈን የሌለበት የጊታር አልበም ነበር። በራሳቸው ቋንቋ የሚዘፍኑት ድምፃውያን እያሉ ይሄ ለብዙ ደሴተኞች አልተዋጠላቸውም።

ዛይዲኮና ኬጁን በ2008 በር የተከፈተላቸው ያለ ውትወታ አይደለም። ሙዚቀኛው ቴራንስ ሲሚየንና ባለቤቱ ግራሚን የሚሰጠውን አካዳሚ ለዓመታት ሲጨቀጭቁ ነው የኖሩት። የመጀመሪያውን ሽልማትም ራሱ ሲሚየን ወሰደው፤ ይገባዋል።

ዛይዲኮን ላላየ ሰው፦ ከአኮርዲዮኑ አጠገብ የሚቆመው ሰው ደረቱ ላይ እንደ ሰደርያ የተንጠለጠለ ሸንተረር ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ አለው። በማንኪያ ወይም በጠርሙስ መክፈቻ ከላይ ወደ ታች ይፍቀዋል። ጭፈራውን የሚነዳው ያ ድምፅ ነው። ይህን መሣሪያ በ1946 ያሠራው የዛይዲኮ ንጉሥ የሚባለው ክሊፍተን ሸኒየር ነው። ንድፉን መሬት ላይ ጭሮ ለብረት ሠራተኛው ለዊሊ ላንድሪ አሳየው ይባላል።

በ2011 አካዳሚው ዘርፎቹን ከ109 ወደ 78 ቀነሰ። ያኔ ሃዋዩም፣ ዛይዲኮውም፣ የነባር ሕዝቦቹም፣ ቀድሞ የቀረው ፖልካም በአንድ ቋት፣ መግቢያው ላይ ባነሣነው ዘርፍ፣ ገቡ። እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ነገር ቢፈለግ የትውልድ ቦታቸውን አለመልቀቃቸው ብቻ ነው። የነባር ሕዝቦችን ከበሮና የቡድን ዜማ ከአኮርዲዮን ጋር ምን ብሎ ማወዳደር ይቻላል?

ውጤቱም ይሄንኑ ያሳያል። ከ2012 እስከ 2025 ከተሰጡት 14 ሽልማቶች ስምንቱ ወደ ሉዊዚያና ሄደዋል። አራቱን የሃዋዩ ድምፃዊ ካላኒ ፔአ ብቻውን ወሰደ። ሁለቱን ደግሞ ከሳውዝ ካሮላይና የመጣው ራንኪ ታንኪ የተባለው የሙዚቃ ቡድን። ፖልካና የነባር ሕዝቦች ሙዚቃ አንድም ጊዜ አላሸነፉም። ድምፅ የሚሰጡት ከመላ አገሪቱ የተውጣጡ የአካዳሚው አባላት ናቸው። የሉዊዚያናዋን ከተማ ኒው ኦርሊንስን የማያውቅ ሙዚቀኛ የለም፤ ፖልካ የሚሰማ ግን ስንት አለ? በ2016 ያሸነፈው ጆን ክሊሪ እንኳ ተወልዶ ያደገው እንግሊዝ ነው። ሙዚቃው ግን የኒው ኦርሊንስ ነው።

ፔአ ለብቻው ሊወሳ ይገባል። በልጅነቱ መናገር ይቸግረው ስለነበር እናቱ ወደ ዘፈን አስገባችው። የተማረውም በሃዋይኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። በ2017 በመጀመሪያ አልበሙ ሲያሸንፍ፣ ቋቱ ከተቀላቀለ ወዲህ ሽልማቱን ወደ ደሴቶቹ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ2024 ሁለት አልበሞች እኩል ድምፅ አግኝተው ሽልማቱን ተካፈሉ። ሁለቱም ከሉዊዚያና ናቸው። የአንደኛው ባለቤት በክዊት ዛይዲኮ በሚል ስም የሚታወቀው ሙዚቀኛ ልጅ ነው፤ አባቱ ዘርፉ ገና ለብቻው ሳለ በ2010 አሸንፎ ነበር።