ታጉ የአንዱ፣ ተቀባዩ የሌላው፦ ስለ ውቅያኖስ እንስሳት ክትትል መረብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ብርሃን ወይም ከመሐል ሜዳ ሆኖ ለሚያስበው ሰው፣ ሻርክና ሳልሞን የሚከታተል ዓለም አቀፍ መረብ የመሣሪያ ጉዳይ ይመስላል። መሣሪያው ግን ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው ማን ምን ያስቀምጣል፣ ማን መቼ ያያል የሚለው ስምምነት ነው።

«ዓሣው ላይ ጂፒኤስ ታስሮ ከቢሮ ይታያል»

የጂፒኤስ ሞገድ የባሕር ውሃ ውስጥ አይዘልቅም። እንደ ባሕር ኤሊ ለመተንፈስ ብቅ ለሚል እንስሳ የሳተላይት ታግ (እንስሳው ላይ የሚገጠም ትንሽ መለያ መሣሪያ) ይሠራል፤ ውሃ ውስጥ የሚቀር ዓሣ ግን በዚህ መንገድ ቦታውን በየጊዜው ሊያሳውቅ አይችልም። ስለዚህ ዓሣው ሆድ ውስጥ በትንሽ ቀዶ ጥገና ድምፅ የሚያሰማ ታግ ይገባል። አብዛኛው ታግ በ69 ኪሎኸርትዝ፣ የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ ቁጥሩን ይጠራል። ከባሕር ሥር የተተከለ ተቀባይ፣ ማለትም ድምፁን የሚያዳምጥ መሣሪያ፣ ዓሣው በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ሲያልፍ ቁጥሩንና ሰዓቱን ይመዘግባል። መዝገቡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ መርከብ ሄዶ ተቀባዩን ሲያወጣው ነው።

«ተቀባዩን የተከለ የመረጃው ጌታ ነው»

ተቀባዩ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው። ዝርያውን፣ ርዝመቱንና የተለቀቀበትን ቦታ የሚያውቀው ታጉን የገጠመው ተመራማሪ ነው፤ እሱም ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ያለ ሌላው እጁ ባዶ ነው። መረቡ የሚኖረው ሁለቱን ለማዛመድ ነው፤ ሁለቱም ዝርዝራቸውን ያስገባሉ፣ የተዛመደው ለባለታጉ ይላካል፣ ባለተቀባዩም የማን ዓሣ እንዳለፈ ይነገረዋል። ጽሑፍ ሲታተም ማን ይጠቀሳል የሚለው ቀድሞ በጽሑፍ ካልተያዘ በኋላ ጠብ ነው።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ያዛል»

በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የውቅያኖስ ክትትል መረብ ማዕከሉ ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ከተማ፣ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነገር ግን የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች፣ የደቡብ አፍሪካና የአውሮፓ መረቦች የየራሳቸው አስተዳደርና በጀት አላቸው። ማዕከሉ ሊያዛቸው አይችልም። አብረው እንዲሠሩ የሚያደርጋቸው የጋራ የሠንጠረዥ ቅርጽ ነው።

«ሠንጠረዥ መሙላት የጸሐፊ ሥራ ነው»

መረብ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ተቀባይ መለያ ቁጥር፣ ኬንትሮስና ኬክሮስ፣ ጥልቀት፣ የተተከለበትና የወጣበት ቀንና ሰዓት ይሞላል። ሃሊፋክስ በግምት 44.6 ሰሜን፣ 63.6 ምዕራብ ላይ ነው። ምዕራብ መሆኑን የምታሳየው የመቀነስ ምልክት ከተረሳች ተቀባዩ ካዛክስታን በረሃ ውስጥ ተተክሎ ይገኛል።

ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። ለእኛ ሰው ወጥመዱ ድርብ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡30 ማለት በዚያ አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 2024፣ 05፡30 ነው፤ ስድስት ሰዓት ጨምሮ ሦስት መቀነስ ነው። 2017 ተብሎ በቀጥታ ከገባ፣ የተቀባዩ ሰዓት 2024 ብሎ የመዘገባቸው ድምፆች ሁሉ ከተከላው ጊዜ ውጭ ይወድቃሉ፤ ማዛመጃውም ቦታ አጥቶ ይተዋቸዋል። የተቀባዩ ሰዓት ራሱም ቀስ በቀስ ይዛነፋል፤ መዝገቡ ሲወርድ በኮምፒዩተሩ ሰዓት ይታረማል፣ ኮምፒዩተሩ ከተሳሳተ ግን እርማቱ ስሕተት ይጨምራል።

ሁለት ታጎች አንድ ላይ ሲጮኹ ድምፃቸው ተቀላቅሎ የሌለ ዓሣ ቁጥር ሊፈጠር ይችላል። የተለመደው ማጣሪያ በታጉ ሁለት ጩኸቶች መካከል ያለውን አማካይ ጊዜ በ30 ያባዛል፤ በአማካይ በየ120 ሰከንዱ ለሚጮኽ ታግ 1 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ በፊትም ሆነ በኋላ፣ እዚያው ተቀባይ ላይ ያው ቁጥር ካልተደገመ ይጠረጠራል። መጠርጠር እንጂ መሰረዝ አይደለም፤ ውሳኔው ለባለታጉ መተው አለበት።

«በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ ወዲያው ለሁሉም ይከፈት»

ክርክሩ እውነተኛ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ዓሣ አጥማጆች በዚሁ ምክንያት የዓሦች መገኛ ይሰጠን ብለው ጠይቀዋል። ነገር ግን ዓሣው የሚሰበሰብበትን ቦታ ማወጅ አጥማጁን መጥራት ነው፤ ታጉን የገጠመውን ተማሪም ሌላው ቀድሞት ጽሑፍ ያትማል። መንዝ ጓሳ ላይ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ጊዜው ሲደርስ ይከፈት እንደነበረው፣ መረጃውም ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ ቆይቶ ይከፈታል። የመክፈቻው ቀን ከጅምሩ ካልተጻፈ ግን መዝጋቱ ቋሚ ይሆናል። ለመጥፋት ለተቃረበ ዝርያ ጊዜው ቢራዘም ተገቢ ነው።

«የትኛውም ታግ በየትኛውም ተቀባይ ይሰማል»

የድምፁ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) አንድ ቢሆንም አንዳንድ አምራቾች ቁጥሩ የሚጠራበትን ኮድ የራሳቸው ተቀባይ ብቻ እንዲያነበው አድርገው ይሠራሉ። ያን ጊዜ ዓሣው በሌላው አምራች ተቀባይ አጠገብ ሳይመዘገብ ያልፋል። በዚህ የተነሣ አውሮፓ ውስጥ ለማንም ክፍት የሆነ የኮድ ሥርዓት እንዲሠራበት ተገፍቷል። ስለዚህ ግዢው ከመፈረሙ በፊት ዓሣው በሚያልፍበት መንገድ ላይ የማን ተቀባይ እንደተተከለ ይጠየቃል፤ አንዴ ሆዱ ውስጥ የገባ ታግ አይቀየርም።