«የመጀመሪያ መልስህን አትንካ» ያላችሁ ማነው?

ፈተና በደረሰ ቁጥር ያቺ ምክር ብቅ ትላለች። «ምርጫ ላይ መጀመሪያ የመጣልህን አጥቁርና እለፍ፤ ከነካካኸው ታበላሸዋለህ።» ታላቅ ለታናሽ ይነግራል፣ መምህር ለክፍሉ ይነግራል፣ ተማሪው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ተርፎት ወረቀቱን ገልብጦ ጣራ ጣራውን ያያል። አስጠኚ ነኝና ይህን ነገር መስማት አንገሽግሾኛል።

ነገሩ እኮ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የጀስቲን ክሩገርና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። ከ1,500 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወረቀት ይዘው፣ በላጲስ የተፋቀውን እየተከታተሉ የተቀየሩትን መልሶች ቆጠሩ። ግማሽ ያህሉ ከስህተት ወደ ትክክል የተቀየሩ ነበሩ። ከትክክል ወደ ስህተት የሄዱት ሩብ ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩትስ? ከስህተት ወደ ሌላ ስህተት፤ ማለትም ቢቀየሩም ባይቀየሩም ያው ዜሮ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ «የመጀመሪያው ይሻላል» ባዮች ነበሩ።

ለምን? ትክክለኛውን ፍቆ የተሳሳተውን ያጠቆረ ሰው ያንገበግበዋላ። «አውቄው ነበር እኮ!» እያለ ለወር ያወራል። ሳይነካው የቀረውን ስህተት ግን ማን ያስታውሰዋል? ቀይሮ ያገኘውንም ቢሆን «ጎበዝ ነኝ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ «መቀየሬ ጠቀመኝ» አይልም።

የመጀመሪያው መልስ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ደግሞ እዩ። «ከ80 ተማሪዎች 35 በመቶው ወድቀዋል፤ ስንቱ አለፉ?» የሚል ጥያቄ መጣ እንበል። ተማሪው የ80ን 35 በመቶ አሰላ፣ 28 አገኘ፣ ምርጫው ውስጥ 28ን ሲያይ ደስ ብሎት አጠቆረ። የተጠየቀው ግን ያለፉት ነው፤ 52። ጥያቄ አውጪው 28ን እዚያ ያስቀመጠው ማን ተቻኩሎ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። «የቱ ትክክል አይደለም» የሚሉት ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው፤ «አይደለም» የምትለዋን ዘለህ ካነበብክ የመጀመሪያው ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ይስብሃል።

እንዲህ ስል ሁሉን ፍቃችሁ ቀይሩ ማለቴ አይደለም። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ የመጨረሻ ደቂቃዎች ላይ ላብ ላብ ሲለው ያለ ምክንያት መቀያየር የሚወድ። የሰጠሁት ሕግ ቀላል ነው። ለምን እንደምትቀይር ባንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ቀይር፤ «ጥያቄውን ተሳስቼ አንብቤዋለሁ»፣ «ስሌቱ ላይ ምልክት ገልብጫለሁ»፣ በቃ። ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ ከሆነ እጅህን ሰብስብ። እሱንም በዘፈቀደ አታድርጉት፤ መጀመሪያ ስትሠሩ የተጠራጠራችሁባቸውን ጥያቄዎች ጎናቸው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ስትመለሱ እነሱን ብቻ እዩ።

«ሳታውቅ ሲቀር ሐ በል» ለሚሉት ጊዜ አላጠፋም። ሐ ከሌሎቹ ፊደላት የተለየ ዕድል የለውም።

«ያላወቅከውን ባዶ ተወው፣ መገመት ነጥብ ያስቀንሳል» የሚለው ግን ድሮ እውነት ነበር። ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ለአንድ ስህተት ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር፤ ዛሬ አይቀንስም። ያኔም ቢሆን አምስት ምርጫ ላይ በጭፍን የገመተ በአማካይ አያተርፍም፣ አይከስርም። አንዷን ምርጫ እንኳ በእርግጠኝነት ከሰረዘ ግን በአማካይ አትራፊ ነው። ስለዚህ የምትፈተኑትን ፈተና መመሪያ አንብቡ። ቅጣት ከሌለ ባዶ መተው ነጥብ መጣል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«ከአንድ ጀምረህ በተራ ጨርስ» የሚባለውም አይገባኝም። በብዙ ወረቀት ፈተና ከባዱም ቀላሉም እኩል ነጥብ ነው፣ ታዲያ ሰባተኛው ላይ ተቸንክሮ ስድስት ደቂቃ ማቃጠል ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ዝለሉት። ስትዘሉ ግን የመልስ ወረቀቱ ላይም የሰባተኛውን ረድፍ ዝለሉ! ስምንተኛውን ሰባተኛ ላይ አጥቁሮ እስከ መጨረሻው አንድ አንድ እየተንሸራተተ የሄደ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። በየአሥሩ ጥያቄ ቁጥሩን ከረድፉ ጋር አመሳክሩ። በኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ መመለስ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ዲጂታሉ ኤስኤቲ ለምሳሌ በአንዱ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ያስኬዳል፣ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ግን መመለስ የለም።

ሌሊቱን ሳይተኙ መቸከል? ተኙ። ሌላ ምክር የለኝም።

«ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» የሚሉኝም አሉ። አንብባችሁ ይሆናል፣ ግን ማንበብና ማስታወስ ለየቅል ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት በልጠዋቸዋል። እናንተ የምትፈተኑት ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም። ደብተሩን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ጻፉ። የድሮ ፈተና ስትሠሩ ሰዓት ያዙ። ከዚያ የሳታችኋቸውን «አላውቀውም ነበር»፣ «ጥያቄውን አላነበብኩትም» እና «ሰዓት አለቀብኝ» ብላችሁ ለዩአቸው፤ ሁለተኛው ክምር ከበዛ ተጨማሪ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልጋችሁም።