ጊት ምንድን ነው? ለግሩፕ ፕሮጀክትስ ምን ይጠቅማል?

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሶፍትዌር ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ሰው የግሩፕ ፕሮጀክትን ጣጣ በደንብ ያውቀዋል። አምስት ልጆች አንድ ላይ ይመደባሉ። አንዱ ጎበዝ ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ ያድራል። የቀሩት ስማቸውንና የመታወቂያ ቁጥራቸውን ሽፋኑ ላይ ያስገባሉ። ፋይሉ በቴሌግራም ሲመላለስ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እየተባለ ይባዛል። የፕረዘንቴሽኑ ዕለት የትኛው እንደሚሠራ የሚያውቅ ይጠፋል።

ጊት የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚመዘግብ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የትኛው መስመር መቼ እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረውና ለምን እንደቀየረው ይይዛል። የዛሬው ሥራ ከተበላሸ ትናንት ወደነበረበት ይመልሳል። ስሙ ቴክኒካዊ ይመስላል እንጂ፣ ለእኔ ጊት አብሮ መሥራትን እጅ በእጅ የሚያስተምር ነገር ነው። ተማሪ ሁሉ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ቢጀምረው እወዳለሁ።

ጊትን የጻፈው ሊነክስ የሚባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2005። የሊነክስ ሠራተኞች ከዚያ በፊት ለዚሁ ሥራ ቢትኪፐር የሚባል የኩባንያ ሶፍትዌር በነጻ ይጠቀሙ ነበር። ኩባንያው ነጻ ፈቃዱን ሲያቆም ቶርቫልድስ የራሱን መጻፍ ጀመረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ ታሪክ መመዝገብ ቻለ። ከዚያ ያደረገው ነገር ደግሞ ለግሩፕ መሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የጊትን ኃላፊነት ጁኒዮ ሃማኖ ለሚባል ፕሮግራመር አስረከበ፤ እሱ ወደ ሊነክሱ ተመለሰ። ሃማኖም ሥራውን ለረጅም ዓመታት ይዞት ዘለቀ።

ብዙ ሰው ጊትንና ጊትሃብን አንድ ያደርጋቸዋል። ጊት በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ጊትሃብ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ ድረ ገጽ ነው፤ በጊት የተመዘገበ ሥራ እዚያ ተቀምጦ ቡድኑ ይጋራዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ልዩነቱ ለእኛ አገር ተማሪ ቁም ነገር አለው። ጊት ሙሉ ታሪኩን እያንዳንዱ አባል ላፕቶፕ ላይ ስለሚያስቀምጥ ኔት ቢቋረጥም ሥራ አይቆምም። ዶርም ቁጭ ብላችሁ ትሠራላችሁ፣ ትመዘግባላችሁ። ኔት ሲመጣ ትልካላችሁ። የአንዱ ላፕቶፕ ቢሰረቅ እንኳ የተጋራው ሥራ ሌሎቹ ጋ አለ።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። አምስት ተማሪዎች በአዳማ የባጃጅ ዋጋ የሚያሰላ አፕ እየሠሩ ነው እንበል። እያንዳንዱ አባል ከዋናው ሥራ የራሱን ቅጂ ይከፍታል፤ ይህ ብራንች ይባላል። እዚያ ላይ እንዳሻው ቢሞክር ዋናው አይነካም። አንድ ደረጃ ሲጨርስ ሥራውን ከአጭር ማስታወሻ ጋር ይመዘግባል፤ ይህ ኮሚት ነው። ማስታወሻው «አስተካከልኩ» ብቻ ከሆነ ለማንም አይረባም። «ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ሰፈር ያለው ዋጋ ሲሰላ ዜሮ የሚያወጣውን ስህተት አስተካከልኩ» ከተባለ ግን ከሦስት ወር በኋላ የሚያነበው ጓደኛ ወዲያው ይገባዋል። ለሌላ ሰው አስቦ መጻፍ የሚለመደው እንዲህ ነው።

አሁን ሁለት ልጆች ያንኑ መስመር ነኩት። አንዷ ዝቅተኛውን ዋጋ 15 ብር አለች፣ ሌላው 20 ብር አለ። ሁለቱ ሥራዎች ሲዋሃዱ ጊት ይቆማል። በራሱ አይመርጥም። ፋይሉ ውስጥ 7 የቀስት ምልክቶች ያስገባና ከበታቻቸው የአንዱን፣ 7 የእኩል ነው ምልክቶች አድርጎ ደግሞ የሌላውን ያሳያል። ይህ ኮንፍሊክት ነው። ጀማሪ ሲያየው ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ፋይሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። መደንገጥ አያስፈልግም። ምልክቶቹን አጥፍቶ ትክክለኛውን መስመር ብቻ ማስቀመጥና ኮሚት ማድረግ ነው። ከባዱ ትክክለኛው የትኛው ነው የሚለው ነው፤ እሱን ኮምፒውተሩ አይነግራችሁም። ሁለቱ ቁጭ ብለው መነጋገር አለባቸው። ምናልባት መንገድ ወጥተው ባለ ባጃጆቹን ይጠይቁ ይሆናል። ምናልባትም ዋጋው እንደ ሰዓቱ እንደሚለያይ ያኔ ይረዳሉ፤ ሁለቱም ቁጥሮች ቦታ ያገኛሉ።

አመራር የሚባለው ነገር በጣም የሚታየው ፑል ሪኩዌስት ላይ ነው። አንድ አባል «ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ከዋናው ጋር ይቀላቀልልኝ» ብሎ ጊትሃብ ላይ ይጠይቃል። ሌላው መስመር በመስመር ያነባል፣ አስተያየት ይጽፋል፣ ያጸድቃል ወይም ይመልሳል። ያለ ሌላ ሰው ይሁንታ ዋናው ብራንች እንዳይነካ መቆለፍም ይቻላል። ቡድን መሪ ከሆናችሁ ይህን ሕግ በራሳችሁ ላይ ጀምሩ። የእናንተን ኮድ ደካማ የምትሉት ልጅ ያንብበው። ይጠይቃችኋል፤ ስታስረዱት እሱም ይማራል፣ እናንተም ያላያችሁትን ስህተት ታገኛላችሁ። የሰውን ሥራ ሳያዋርዱ መተቸት፣ ትችት ሲመጣም ሳያኮርፉ መቀበል የሚለመደው እዚህ ነው። ይህንን ማንም በሌክቸር አያስተምራችሁም። ቶርቫልድስም ቢሆን የሊነክስን ኮድ ሁሉ ራሱ አያነብም። ለየክፍሉ ኃላፊዎች አሉ፤ እነሱ አይተው ያሳለፉትን ነው የሚቀበለው።

መምህራንም ይጠቀማሉ፤ ማን ምን እንደሠራ ታሪኩ ላይ ይታያልና። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ውጤት በኮሚት ብዛት አይሰጥ። አንዷ ሳምንት ሙሉ ለፍታ ያስገባችው አንድ ኮሚት ከሌላው ሃያ ጥቃቅን ማስተካከያ ሊበልጥ ይችላል። ባለ ባጃጆችን ሲያነጋግር የዋለው ልጅ ድካምም ጊት ላይ አይታይም።

ለመጀመር ክሬዲት ካርድ አያስፈልግም፣ ጠንካራ ላፕቶፕም አያስፈልግም። ጊትን ጫኑ፣ በጊትሃብ ነጻ አካውንት ክፈቱ፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር ትንሽ ነገር ሞክሩ። ጊት የሚመቸው እንደ ኮድ ላለ ተራ ጽሑፍ ነው። የዎርድ ሪፖርት ብታስገቡበት ያስቀምጠዋል፣ የትኛው አረፍተ ነገር እንደተቀየረ ግን በቀላሉ አያሳያችሁም። ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይልም ጊትሃብ አይቀበልም፤ የዴሞ ቪዲዮአችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ከሁሉም በላይ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ኮሚት እንዳታደርጉ። በማግስቱ ብታጠፉትም የድሮው ታሪክ ውስጥ ስለሚቆይ ማንም ወደ ኋላ ሄዶ ያገኘዋል። አንዴ ከገባ ቶሎ ብላችሁ የይለፍ ቃሉን ራሱን ቀይሩት።